ሦስት ሴንሰር በአንዴ "የሞተበት" ኤክስካቫተር፦ ከደሴ ኮምቦልቻ የተንከባለለ ብልሽት

ብልሽቱ የአንድ ሽቦ ነበር። እስኪገኝ ድረስ ግን ሁለት ሴንሰር ተቀይሯል፣ የናፍጣ ፊልትሮ ተቀይሯል፣ የሞተሩን ኮምፒውተር (ኢሲዩውን) ለመግዛትም ዋጋ ተጠይቆ ነበር። ከባድ ማሽን ላይ ለምትሠሩና ማሽን ለምታከራዩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ከነዝርዝሩ አስቀምጬዋለሁ። የሰዎቹንም፣ የማሽኑን ፋብሪካም ስም ትቻለሁ።

ማሽኑና የሚሠራበት ቦታ

20 ቶን ገደማ የሚመዝን ባለ ሰንሰለት ኤክስካቫተር ነው። ባለቤቱ "ሐጂ" የምንላቸው የደሴ ሰው ናቸው፤ በሰዓት ያከራዩታል። መጀመሪያ ደሴ ላይ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ የሕንፃ መሠረት ሲቆፍር ነበር። ከዚያ በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭነው መኪና) ተጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ዳር ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ገባ። ይሄን የቦታ ለውጥ ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

ሞተሩ ኮመን ሬል የሚባለው ዓይነት ነው። ፓምፑ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ አንድ ወፍራም ቧንቧ (ሬሉ) ይሞላል፣ ከዚያ ቧንቧ ላይ ኢንጀክተሮቹ በኢሲዩው ትእዛዝ ይረጫሉ። ኢሲዩው ዓይን የለውም። የሚያየው በሴንሰሮቹ ብቻ ነው። ከሴንሰሮቹ ብዙዎቹ ባለ ሦስት ሽቦ ናቸው፦ በአንዱ ኢሲዩው 5 ቮልት ይልክላቸዋል፣ ሁለተኛው ግራውንድ (መመለሻው) ነው፣ በሦስተኛው ሴንሰሩ መልሱን ይመልሳል። ማሽኑ 24 ቮልት ቢሆንም ለሴንሰር የሚሄደው 5 ቮልት ነው። እና ይሄ 5 ቮልት ለእያንዳንዱ ሴንሰር ለየብቻ አይመጣም። አንድ መስመር ወጥቶ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል። የዚህ ጉዳይ ነገር ሁሉ እዚች ላይ ነው ያለው።

ችግሩ

ኦፕሬተሩ የነገረን እንዲህ ነበር። ማሽኑ በሰንሰለቱ ሲሄድ ወይም የሞላ ባልዲ ይዞ ቡሙን (ትልቁን ክንዱን) ሲያነሳ ሞተሩ በድንገት ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሞኒተሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ቁልፉን ዘግቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። "ኧረ ጋሼ፣ ቆሞማ ምንም አይለውም፣ ሲሄድ ነው እብደቱ የሚነሳበት" አለኝ። ከሰማሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ አረፍተ ነገር ነው። ብዙ ሰው ኦፕሬተሩን ሳይጠይቅ ቀጥታ ላፕቶፕ ይሰካል።

ኢሲዩው ውስጥ የተመዘገቡት ኮዶች አራት ነበሩ። ጄ1939 በሚባለው የከባድ ማሽኖች የኮድ አቆጣጠር ኤስፒኤን የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ኤፍኤምአይ ደግሞ ምን ዓይነት ብልሽት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ሦስቱ ኤስፒኤን 157 (የሬሉ የናፍጣ ግፊት)፣ ኤስፒኤን 102 (ቱርቦው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ዕቃ፣ የሚገፋው አየር ግፊት) እና ኤስፒኤን 100 (የዘይት ግፊት) ናቸው። ሦስቱም ኤፍኤምአይ 4 ይዘዋል፤ ይሄም የሚመጣው ቮልት ከሚገባው በታች ነው ማለት ነው። አራተኛው ከዝርዝሩ መጨረሻ የተቀመጠው ኤስፒኤን 3509 ነው። ለሴንሰሮች የሚላከው የ5 ቮልት መስመር ራሱ ወርዷል ይላል። ከእኛ በፊት ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የሚገዛ ዕቃ ስም ስላልያዘ ይመስለኛል።

እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የተሠራው

ደሴ እያለ የተጠራው የመጀመሪያው መካኒክ የሬል ግፊት የሚለውን ኮድ አይቶ የሬል ግፊት ሴንሰር አስገዛ። ናፍጣው በበርሜል ስለሚመጣ እሱንም ጠርጥሮ ፊልትሮዎቹን ቀየረ። የፊልትሮው ጥሩ ነው፣ መቀየር ነበረበት። ችግሩ ግን አልጠፋም።

ሁለተኛው ሰው ላፕቶፕ ነበረው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ብቻ ተከፍቶ፣ የቱርቦውን ግፊት ሴንሰር ሲያነብ 75 ኪሎፓስካል አገኘ። የማሽኑ የጥገና መጽሐፍ ደግሞ ሞተር ሲጠፋ ወደ 100 ማንበብ አለበት ይላል። ሩቡን ቀንሶ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ሴንሰሩ ሞቷል ብሎ አስቀየረው። አዲሱም 75 አነበበ! እንግዲህ ሁለት ሴንሰር ተመሳሳይ ስህተት ሊሳሳት አይችልምና ጥፋተኛው አንባቢው ነው፣ ኢሲዩው ነው ተባለ። ለዚህም ማስረጃ ተገኘለት፦ ከዚያ በፊት የባልዲው ጥርስ ሲበየድ ባትሪው አልተነቀለም ነበር። ባትሪና ኢሲዩ ሳይነቀል ማሽን ላይ መበየድ ኢሲዩ እንደሚያቃጥል የታወቀ ስለሆነ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ይሄን እኔም አልንቀውም።

ማሽኑ ኮምቦልቻ ከወረደ በኋላ ያው ሰው ስልክ ተደውሎለት ድጋሚ አነበበ፣ አሁን 81 ሆነ። "አያችሁ፣ እየዋዠቀ ነው" አለ። ሐጂ የኢሲዩ ዋጋ ተጠይቆ ሲነገራቸው ነው ወደ እኛ የመጡት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "እንግዲህ እናንተም ሴንሰር ግዛ እንዳትሉኝ" አሉን።

75 እና 81 ከየት መጡ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ስህተት በእኛ አገር በየቀኑ የሚሠራ ነው።

አብዛኛው የቱርቦ ግፊት ሴንሰር የሚለካው ጠቅላላውን የአየር ግፊት ነው፣ የአካባቢውን አየር ጨምሮ። ሞተሩ ሲጠፋ ቱርቦው ምንም አይገፋም፣ ስለዚህ ሴንሰሩ የሚያነበው የቆመበትን ቦታ አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይሄ 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ያንን ነው ያሰቡት። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ አየሩም 75 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ 81 ገደማ ይሆናል። ሐረጎን መውረድ ስድስት ኪሎፓስካል ያህል ይጨምራል ማለት ነው።

ስለዚህ አሮጌው ሴንሰርም፣ አዲሱም፣ ኢሲዩውም እውነቱን ነበር የሚናገሩት። እንዲያውም እንዲህ ያለ ንባብ ለኢሲዩው የጤና ምስክር ነው። ደሴ ላይ 100 የሚያነብ የቱርቦ ሴንሰር ቢገጥመኝ ነው የምደነግጠው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ ማሽኑ የአካባቢ አየር ግፊት ሴንሰር ለብቻው ካለው (ኤስፒኤን 108) ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው። ተቀራራቢ ካነበቡ ሁለቱም ደህና ናቸው። በዚህ ማሽን ላይ ተቀራራቢ ነበሩ።

ምርመራው

ኮዶቹን ጽፈን ያዝን፣ ከዚያ አጠፋናቸው። አስነስተን ለረጅም ጊዜ በቆመበት አሞቅነው። ምንም የለም። ሽቦዎቹን በእጅ እየነቀነቅን ሞከርን፣ አሁንም ምንም። ሶኬቶቹን ከፍተን ዝገትና ውሃ ፈለግን፤ የኮምቦልቻ አቧራ እንጂ ሌላ አላገኘንም። እዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነበር። ኦፕሬተሩ ቆሞ ምንም አይለውም ብሎናላ።

ስለዚህ ቴስተራችንን (የቮልት መለኪያውን) ይዘን ከማሽኑ ጋር ለመሄድ ወሰንን። የዘይት ግፊት ሴንሰሩ ሶኬት ለእጅ ቅርብ ስለሆነ ከጀርባው በቀጭን መርፌ ወደ 5 ቮልቱ ፒን ገባን። ሽቦውን አልበሳንም፤ የተበሳ ሽቦ በክረምት ውሃ ይገባበትና ከወራት በኋላ ሌላ ብልሽት ይወልዳል። ረጅም ሽቦ ቀጥለን ቴስተሩን ካቢን ውስጥ አደረግነው። ቴስተሩ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የሚያስቀር ዓይነት ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የቮልቱ መውረድ ከዓይን ሊፈጥን ይችላልና።

ቆሞ 5.0 ቮልት። ቡሙ ባዶ ሲነሳ 5.0። ማሽኑ ድንጋያማ መሬት ላይ በሰንሰለቱ መሄድ ሲጀምር ሞተሩ ወረደ፣ ማስጠንቀቂያው በራ፣ ቴስተሩ ላይ የተያዘው ቁጥር 0.8 ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ጠበበ። የሦስቱም ሴንሰሮች ምግብ ነው የተቋረጠው። ሦስቱም የሚካፈሉት አንድ መስመር አለ፣ ያ መስመር ሲሄድ ወደ ግራውንድ ይወድቃል። ይሄ በሦስት መንገድ ሊመጣ ይችላል፦ ከሴንሰሮቹ አንዱ ውስጡ ተገናኝቶ መስመሩን ወደ ታች እየጎተተው ነው፣ ወይም ሽቦው የሆነ ቦታ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም ደግሞ ኢሲዩው ራሱ 5 ቮልቱን መስጠት እያቃተው ነው።

ማሽኑ እየሄደ ሶኬት መንቀል አይቻልም። ስለዚህ ቁልፉን ብቻ ከፍተን፣ ሞተሩን ሳናስነሳ፣ በረጅም የብረት ዘንግ ሞተሩን ከመቀመጫው ላይ ወዲህና ወዲያ ገፋነው። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች እንዳረጁ ያኔ ነው ያየነው፣ ከልክ በላይ ይጫወታል። ወደ አንድ ጎን ሲገፋ ቮልቱ ወረደ። የኦፕሬተሩ ረዳት ዘንጉን እንደያዘ ሦስቱን ሴንሰሮች አንድ በአንድ ነቀልናቸው። አንዱ ሴንሰር ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሲነቀል 5 ቮልቱ ይመለስ ነበር። አልተመለሰም። ሦስቱም ነፃ ወጡ።

ቀጥሎ ባትሪውን ነቅለን የኢሲዩውን ትልቁን ሶኬት አወጣን። ከሽቦው ወገን፣ በ5 ቮልቱ ፒንና በሞተሩ አካል መካከል ኦም ለካን። ሞተሩ በቦታው ሲሆን ግንኙነት የለም። በዘንጉ ሲገፋ ጥቂት ኦም ብቻ፣ ማለትም መስመሩ ብረት ይነካል። ኢሲዩው ተነቅሎ ሳለ ይሄ ከታየ ኢሲዩውም ነፃ ነው። የቀረው ሽቦው ብቻ ሆነ።

የተገኘው

የሽቦው ጥቅል ከሞተሩ ጀርባ፣ በሞተሪኖው (ሞተሩን በሚያስነሳው ዕቃ) አጠገብ ያልፋል። እዚያ ጥቅሉን ከሞተሩ አካል አርቆ የሚይዝ ፋሸታ (ማሰሪያ) መኖር ነበረበት። ቡለኑ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ፋሸታው የለም። ሲጠየቅ ሞተሪኖው ከወራት በፊት ተቀይሯል። ሲገጠም ፋሸታው ሳይመለስ ቀርቷል።

ጥቅሉ ዝቅ ብሎ በአንድ የብረት ማቀፊያ ጠርዝ ላይ ተኝቶ ነበር። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ገልብጠን ስናየው የውጪው ልባስ አልቋል፣ ከውስጥ ካሉት ሽቦዎች ደግሞ አንዱ የገብስ ፍሬ በምታህል ቦታ መዳቡ ወጥቷል። ብረቱም በዚያው ልክ ተወልውሎ ያበራል። አዲስ የብረት ብልጭታ ከሽቦ ጥቅል ሥር ካያችሁ አትለፉት።

የተላጠውን ቆርጠን በሊድ በየድነው፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፈንነው፣ አጠገቡ ያሉትንም አየናቸው፤ ልባሳቸው ተፍቋል እንጂ አልተላጡም። ሁሉም ላይ አዲስ የፕላስቲክ ልባስ አለበስን። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው ሞተር አጠገብ አይሠራም፤ ይሞቃል፣ ሙጫው ይቀልጣል፣ ዘይት ሲነካው ይላቀቃል። ፋሸታውን ከቆርቆሮ አዘጋጅተን ጎማ አልብሰን በቦታው አሰርን። ማሽኑ ያንኑ ድንጋያማ መሬት ተመላለሰበት፣ 5 ቮልቱ ንቅንቅ አላለም።

ሁለተኛው ብልሽት

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ማሽኑ ከባድ ቁፋሮ ሲገባ ግን ሞተሩ ጠንከር ያለ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል፣ ጥቂት ቆይቶም ጉልበቱ ይወርዳል። አሁን የወጣው ኮድ ሌላ ነው፦ የሬሉ ግፊት ልክ አልፎ የደህንነት ቫልቩ ተከፍቷል ይላል። ኦፕሬተሩም ይሄን ድምፅ ደሴ እያለ እንደሰማው፣ ግን ከሌላው ችግር ጋር አንድ መስሎት እንዳልተናገረ ነገረን። መቼ ጀመረ ስንለው የሬል ሴንሰሩ ከተቀየረ ወዲህ ነው አለ።

አሮጌውን ሴንሰር ረዳቱ በጨርቅ ጠቅልሎ መሣሪያ ሳጥን ውስጥ አኑሮት ነበር። ልጁ ባይጥለው ኖሮ ብዙ ቀን እንንከራተት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሶኬታቸው አንድ ነው፣ ጥርሳቸው አንድ ነው፣ ቁመታቸው አንድ ነው። የተቀረጸው ቁጥር ግን ይለያያል። አሮጌው እስከ 1,800 ባር የሚለካ ነው፣ አዲሱ እስከ 2,200 ባር።

"የበለጠ የሚችል ከሆነ ምን ይጎዳል?" አሉ ሐጂ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያስባል። ሁለቱም ሴንሰሮች ግፊት ሲጠፋ 0.5 ቮልት፣ መጨረሻቸው ላይ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። በሬሉ ውስጥ 1,000 ባር ሲኖር አሮጌው 2.7 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ አዲሱ 2.3 ገደማ። ኢሲዩው የሚያውቀው የአሮጌውን ሂሳብ ስለሆነ 2.3 ሲደርሰው 820 ባር ገደማ ነው ብሎ ያስባል። አነሰኝ ብሎ ፓምፑን ያስጨምራል። እሱ 1,000 አየሁ በሚልበት ጊዜ በውስጥ ያለው ከ1,200 በላይ ነው። ሥራው ሲከብድ ኢሲዩው ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፣ እውነተኛው ግፊት ከዚያም አልፎ ይወጣና ቫልቩ ይከፈታል። ሞተር ጠፍቶ ሲፈተሽ ግን ሁለቱም 0.5 ቮልት፣ ማለትም ዜሮ ባር ስለሚያነቡ ልዩነቱ በጭራሽ አይታይም። አዲሱን የገጠመው ሰው በላፕቶፕ ቢያይም ደህና ነው የሚለው።

አሮጌው ሴንሰር መጀመሪያውኑ ጤነኛ ስለነበር የሚቀመጥበትን ቦታ አጽድተን መለስነው፣ መጽሐፉ በሚለው ልክ በቶርክ ቁልፍ አጠበቅን። ከዚያ በፊት ሞተሩን አጥፍተን ግፊቱ እስኪወርድ ጠበቅን። ማፍሰስ አለማፍሰሱን ያየነው ካርቶን አስጠግተን ነው። ወጣት መካኒኮች በጣት ሲዳስሱ አያለሁ፤ በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ቁስሉ ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ነው። እንዲህ ከደረሰ ሳይታመም፣ ሳያብጥ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ድምፁ ጠፋ፣ ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ቆፈረ።

ሌላ ማሽን ላይ የሚሠራው

ኮድ ኢሲዩው የት መስመር ላይ እንደተቸገረ ይነግራል። ምን እንደሚገዛ አይነግርም። ሁለት ሦስት ሴንሰር በአንድ ሰዓት ከወደቀ፣ ሦስቱም ባንድ ላይ ተቃጠሉ ከማለት የሚጋሩትን መፈለግ ይቀላል፤ የ5 ቮልት መስመር፣ የጋራ ግራውንድ፣ አንድ ላይ የሚያልፉበት ሶኬት። ኤስፒኤን 3509 ወይም 3510 (ሁለተኛው የሴንሰሮች መመገቢያ መስመር) በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ከእሱ ጀምሩ፣ የትም ተራ ላይ ይሁን። አንዳንድ ፋብሪካ የራሱን የኮድ ቁጥር ስለሚጠቀም ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

የመጽሐፍ ቁጥር ስታነቡ የቆማችሁበትን ከፍታ አስቡ። ደሴ ላይ የሚሠራ ሰው 75ን፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ 81ን በቃሉ ቢይዝ ብዙ ሴንሰር ከመጣል ይድናል። በነገራችን ላይ ከፍታው ውሃም ላይ አለ። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከ92 ዲግሪ በታች ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ ማሽን እዚያ ቶሎ ይፈላል፣ ጣጣው ግን የሙቀት ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።

ዕቃ ሲገዛ በመልክና በሶኬት አይሆንም። የተቀረጸው ቁጥር ይነበብ፣ ካልገጠመ ሻጩ ምንም ቢምል አይወሰድ። አሮጌውም ማሽኑ በከባድ ሥራ እስኪፈተን ድረስ አይጣል። ማሽን የምታከራዩ ሰዎች ይሄን ራሳችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ፣ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

5 ቮልት መስመር ላይ ደግሞ አምፖል ያለው መፈተሻ አታስገቡ። ለ24 ቮልት ፊውዝ የተሠራ ነው፣ ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ ይስብና ደህናውን ኢሲዩ እናንተው ታበላሹታላችሁ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ማሽኑ ኮምቦልቻ ላይ እየሠራ ነው፣ ኮዱም አልተመለሰም። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ገና አልተቀየሩም፤ ታዘዋል፣ እስኪመጡ ኦፕሬተሩ በየ250 ሰዓቱ ዘይት ሲቀየር ከሞተሪኖው ጀርባ ያለውን ጥቅል በባትሪ መብራት እንዲያይ ተነግሮታል። 2,200 ባሩ ሴንሰር ሐጂ ቤት ነው። ሻጩ አልመልስም ስላላቸው የሚገጥምለት ማሽን ያለው ሰው እየፈለጉ ነው።